ግልገሉ ከማህፀን ተዘጋጅቶ ከመጣ እንገር ለምን አስፈለገው?

ጥያቄ፦ «ሰሜን ሸዋ ውስጥ በግ አረባለሁ። የእንስሳት ሕክምና የሚማረው ልጄ፣ የበግ ጽንስ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ አንጀቱ ላይ በሽታ የሚለዩ ተቀባዮች እንደሚያበጅ ነገረኝ። ማህፀን ውስጥ ጀርም ከሌለ ምኑን አይቶ ነው የሚያበጀው? ወይስ ከእናቱ ደም የሚያልፍለት ነገር ነው? ተዘጋጅቶ የሚወለድ ከሆነስ እንገር ዘግይቶ ቢያገኝ ምን ይጎዳዋል? እርጉዞቹን ባስከትብ ክትባቱ ለጽንሱም ይደርሳል ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ልጅዎ የነገረዎት ትክክል ነው። ከዚያ ተነስተው «እንግዲያው እንገሩ ቢዘገይም ግድ የለም» ካሉ ግን ግልገል ይሞትብዎታል። ተቀባይ መኖሩና መከላከያ መኖሩ ለየቅል ናቸው። ተቀባይ የሚባለው በሴል ገጽ ላይ ወይም በውስጡ ተተክሎ አንድን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። አንቲቦዲ የሚባለው በደም ውስጥ የሚዞር ተከላካይ ፕሮቲን የሚገኘው ደግሞ ቢ-ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል በተቀባዩ የሚለየውን ባዕድ ነገር በእርግጥ ሲያገኝ፣ ከዚያም ተባዝቶ ያንኑ ፕሮቲን በገፍ ወደ ደም ሲለቅ ነው። በሁለቱ መካከል ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። አዲስ የተወለደ ግልገል ዘሩ በእጁ አለ፤ ጎተራው ግን ባዶ ነው።

ተቀባይ በሚለው ስም የሚጠሩ ሁለት ወገኖች አሉ፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው እነሱን ከመደባለቅ ነው። አንደኛዎቹ ቶል መሰል ተቀባዮች ይባላሉ፤ በበግ ላይ 10 ዓይነት ይታወቃሉ። አሠራራቸው በዘረመል ተጽፎ ከወላጆች ስለሚወረስ በአንዱ ግልገል ላይም በሌላውም ያው ናቸው። ከፊታቸው ያለው ጀርም የትኛው እንደሆነ አይለዩም፤ ከየትኛው የጀርም ወገን እንደሆነ ግን ያውቃሉ። 4ኛው እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋናቸው ላይ ያለውን ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛል፤ 5ኛው ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራፍ፣ 3ኛው ደግሞ ብዙ ቫይረሶች ሲባዙ የሚፈጠረውን ድርብ አርኤንኤ የተባለ የዘረመል ሞለኪውል ይለያል። ጽንሱ እነዚህን ለመሥራት ጀርም ማየት አያስፈልገውም፤ ትእዛዙ ከመጀመሪያው አብሮት አለ።

ሁለተኛዎቹ በቢ-ሴልና ቲ-ሴል በተባለው ሌላ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ላይ ያሉት ናቸው። እነዚህ በቀጥታ አይወረሱም። እያንዳንዱ ሴል የዘረመል ቁርጥራጮችን ቆርጦና ገጣጥሞ የራሱን ተቀባይ ይሠራል። ይህን የቆርጦ መገጣጠም ሥራ በአይጥ ሴሎች ያሳየው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ኖቤል ተሸልሞበታል። ልጅዎ ያነሳው ጉዳይ በዋናነት የቢ-ሴሎቹን ተቀባይ ይመለከታል፤ በግን ከሰውና ከአይጥ የሚለየውም ይኸው ነው።

በሰው ላይ ቢ-ሴል ተፈጥሮ ተቀባዩን የሚያሟላው በመቅኒ ውስጥ ነው። በዶሮ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው በፊንጢጣ አካባቢ ያለው የፋብሪሲየስ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ የወጣላቸው ጫጩቶች አንቲቦዲ መሥራት እንደሚያቅታቸው በአሜሪካ ብሩስ ግሊክና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 አሳይተዋል። በበግ ላይ ደግሞ ቦታው አንጀት ነው። ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍሉ፣ ማለትም ኢሊየም በሚባለው ላይ፣ የፔየር ንጣፍ የተባለ አካል አለ።

ይህን አካል ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጠቦት ሲታረድ የአንጀት አጣቢውን ሥራ ጠጋ ብሎ መመልከት ይበቃል። የሦስት ወይም የአራት ወር ጠቦት ከሆነ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከአንድ ሜትር በሚበልጥ ርዝመት ግድግዳው ወፈር ብሎ በጣት ይታወቃል። ሰንጥቀው ቢዘረጉት ውስጡ ጥቃቅን ጉብታዎች ጥቅጥቅ ብለው የሞሉበት፣ ያልተቋረጠ ንጣፍ ነው። ጉብታዎቹ ፎሊክል ይባላሉ፤ ብዛታቸው ወደ 100,000 ይጠጋል። ከዚያ በላይ፣ ጀጁነም በሚባለው ክፍል ላይ፣ እየተራራቁ የተቀመጡ ሞላላ ንጣፎች አሉ። አሁን ደግሞ የሁለት ዓመት በግ አንጀት ይመልከቱ፦ ሞላላዎቹ በቦታቸው አሉ፤ ረጅሙ ንጣፍ ግን የለም። በሽታ በልቶት እንዳይመስልዎት። ሥራውን ጨርሶ የከሰመ ነው።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የበግ እርግዝና 150 ቀን ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቢ-ሴሎች በጣፊያ ውስጥ ይታያሉ። የጀጁነሙ ንጣፎች በ60ኛውና በ75ኛው ቀን መካከል ይጀምራሉ። የኢሊየሙ ረጅም ንጣፍ ግን ዘግይቶ፣ በ110ኛውና በ120ኛው ቀን መካከል ነው ፎሊክል የሚያወጣው፤ ከዚያ እስከ ወሊድ ባለው አንድ ወር ውስጥ በፍጥነት ያድጋል። ከተወለደ በኋላ በሁለትና በሦስት ወሩ ትልቁን መጠኑን ይይዛል፤ ዓመት ተኩል ሲሆነው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፦ ምኑን አይቶ ነው የሚያበጀው? ምንም አይቶ አይደለም። የበግ ቢ-ሴል የአንቲቦዲውን ከባድ ሰንሰለት የተባለ ክፍል ለመሥራት የሚመርጥባቸው የዘረመል ቁርጥራጮች ጥቂትና ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ መገጣጠሙ ብቻውን የሚሰጠው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ ሴሎቹ ወደ ኢሊየሙ ፎሊክል ገብተው ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥርም የተቀባያቸውን ዘረመል ፊደል በየቦታው ይለዋውጣሉ። በሰውና በአይጥ ላይ እንዲህ ያለው ለውጥ በዋናነት የሚታየው በሽታ ከገባ በኋላ፣ የተገኘውን አንቲቦዲ ለማሳል ነው። በግ ግን ገና በሽታ ሳያውቅ፣ ከመነሻው ብዙ ዓይነት ተቀባይ ለማከማቸት ይጠቀምበታል። ይህን ያሳዩት ፓሪስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዣን ክሎድ ቬይልና ክሎድ አኜስ ሬይኖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለውጡ በኢሊየም ንጣፍ ውስጥ እንደሚካሄድ አሳዩ፤ በ1995 ደግሞ ከውጭ ጀርም ጋር ሳይገናኙ የቆዩ እንስሳት ላይም ሂደቱ እንደማይቆም አረጋገጡ። በእኔ እይታ በበግ ጥናት ውስጥ ከተገኙት ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ አንድ እንስሳ ጠላቱን ከማወቁ በፊት ለማያውቀው ጠላት የሚሆን ነገር በጭፍን አብዝቶ እንደሚያዘጋጅ የገለጠ ነውና።

ጭፍንነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ፊደል በዘፈቀደ ሲለዋወጥ ብዙው ተቀባይ ይበላሻል። የተበላሸበት ሴል እዚያው ፎሊክሉ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ከሚፈጠሩት ሴሎች 95 በመቶ ያህሉ እዚያው እንደሚሞቱና ወደ ደም የሚወጡት ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ ተገምቷል። ቢሆንም እነዚያ ጥቂቶች ለዕድሜ ልክ የሚሆኑ ናቸው። በአውስትራሊያ፣ ካንቤራ፣ የቤድ ሞሪስ ቡድን ከጽንስና ከግልገል ላይ ይህን የአንጀት ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲያወጣ፣ በደም ውስጥ ያለው የቢ-ሴል ቁጥር በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ታሪክ ወስዶ ለሰው ልጅ ማዋል ስህተት ነው። የሰው አንጀትም የፔየር ንጣፍ አለው፤ ሥራው ግን በሽታ ሲመጣ ምላሽ መስጠት ነው። ቢ-ሴል የሚፈለፈልበት ቦታ አይደለም። ቲ-ሴሎችንም አይመለከትም፤ የበግም ሆነ የሰው ቲ-ሴል ተቀባዩን የሚያሟላው ቲመስ በሚባለው፣ ደረትና አንገት ላይ ባለው ዕጢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከእናቱ ደም ያልፍለታል ወይ የሚል ነበር። አያልፍም። የሰው እንግዴ ልጅ የእናቲቱን አንቲቦዲ እየመረጠ ወደ ጽንሱ ያሻግራል፤ ስለዚህ ሕፃን ሲወለድ የእናቱ መከላከያ በደሙ ውስጥ አለ። የበግ፣ የፍየልና የላም እንግዴ ልጅ ግን የእናትንና የጽንስን ደም የሚለያየው በብዙ የሴል ንብርብር ስለሆነ አንቲቦዲ አይሻገርም። ጤናማ የበግ ጽንስም ከጀርም ነፃ በሆነ ማህፀን ውስጥ ስለሚያድግ የራሱን ለመሥራት ምክንያት የለውም። በዚህ የተነሳ ሳይጠባ ደሙ ቢመረመር አንቲቦዲ የለውም ለማለት ይቀራል።

ምክንያት ካገኘ ግን ማህፀን ውስጥ ሆኖም ይሠራል። አሜሪካዊው አርተር ሲልቨርስታይን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የበግ ጽንሶችን በማህፀን እንዳሉ እየወጋ ሞክሮታል። ባክቴሪያን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ ሲሰጣቸው በ40ኛው ቀን አካባቢ አንቲቦዲ ሠሩ፤ ፌሪቲን ለተባለው ፕሮቲን በ66ኛው ቀን ገደማ መለሱ፤ ለእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ግን እስከ 120ኛው ቀን አካባቢ ጠበቁ። ለአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት ለሚውለው ለቢሲጂ ባክቴሪያ፣ ማህፀን ውስጥ ጨርሶ አልመለሱም። ችሎታው በአንድ ቀን የሚከፈት በር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ጊዜ አለው። የመጀመሪያዎቹ ምላሾች ረጅሙ ንጣፍ ከመውጣቱ በፊት መምጣታቸውንም ልብ ይበሉ። ጣፊያ ውስጥ ያሉት ቀደምት ቢ-ሴሎችም የራሳቸው አቅም አላቸው።

የዚህ ችሎታ ጊዜ መለያየቱ በግ አርቢን በቀጥታ የሚነካበት መንገድ አለ። ቦርደር የተባለው በሽታ ቫይረስ እናቲቱን በእርግዝናዋ መጀመሪያ፣ በግምት ከ60 እስከ 80 ቀን ሳይሞላ ከያዛት፣ የጽንሱ ቲ-ሴልና ቢ-ሴል ቫይረሱን እንደ ራሱ አካል አድርጎ ይለምደዋል። ጽንሱ ካልሞተና ካልተጨናገፈ፣ የሚወለደው ግልገል ዕድሜ ልኩን ቫይረሱን ይሸከማል፤ ለእሱ አንቲቦዲ አይሠራም፤ መንጋውን ግን ይበክላል። እንዲህ ያለውን ግልገል በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ መርምሮ «ነፃ ነው» ማለት ትልቅ አደጋ ነው፤ ራሱ ቫይረሱ መፈለግ አለበት።

ቶል መሰሎቹ ተቀባዮችም ያለጊዜያቸው ከተነኩ ይጎዳሉ። ጽንስ የሽርት ውኃውን አዘውትሮ ይውጣል። ውኃው በባክቴሪያ ከተበከለ ኢንዶቶክሲኑ አንጀቱ ይደርሳል፤ ተቀባዮቹም ይቆጣሉ። በኔዘርላንድስ ማስትሪክት ከተማና በምዕራብ አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ኢንዶቶክሲን በበግ ሽርት ውኃ ውስጥ ከተው፣ የጽንሱ አንጀት እንደሚቆጣና የአንጀቱ ሽፋን ሴሎች መጋጠሚያ እንደሚዛባ አሳይተዋል። ያን ያደረጉት ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን የአንጀት ሕመም ለመረዳት ነው። ለእርስዎ የሚሰጠው ትምህርት ግን ተቀባይ ቀድሞ መኖሩ ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ እንዳልሆነ ነው።

አሁን እንገሩ። እንገር በአንቲቦዲ፣ በተለይ ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ በሚባለው፣ የተሞላ ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል የቀጭን አንጀት ሴሎች ይህን ትልቅ ፕሮቲን ሳይፈጩ እንዳለ ወደ ደም ያሳልፉታል። ይህ ችሎታ ከወሊድ ጀምሮ በየሰዓቱ ይቀንሳል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙ ደክሟል፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ተዘግቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው እንገር ምግብ ይሆነዋል፤ አንጀቱ ውስጥ ላለ ጀርምም ትንሽ ያግዛል፤ ደሙ ውስጥ ግን አይገባም። «ነገ ጠዋት ይጠባል» የሚለው አነጋገር ብዙ ግልገል የጨረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ አንጀቱ ላይ የተከማቸ ተቀባይ የራሱን አንቲቦዲ በበቂ መጠን እስኪያመርት ድረስ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ተቅማጥ፣ የእምብርት መመረዝና የሳንባ ምች የሚመጡት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ልኩን ላስቀምጥ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ለኪሎ 200 ሚሊ ሊትር። 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ግልገል መጀመሪያ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ውስጥ ግማሽ ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። እናቲቱ ከሌላት ወይም መንታ ወልዳ ካልበቃት፣ በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ በግ ይለቡ። ፍየልም ትሆናለች። የላም እንገር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከበግ ስለሚሳሳ መጠኑን በሲሶ ያህል ይጨምሩ፤ ደግሞም የአንዳንድ ላሞች እንገር በግልገል ላይ ከባድ የደም ማነስ ስለሚያመጣ የብዙ ላሞችን ቀላቅሎ መስጠት ይሻላል። የቀዘቀዘ እንገር በለብታ ውኃ ውስጥ ይሙቅ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ፤ ሙቀት አንቲቦዲውን ያበላሸዋል። ብርድ መትቶት አንገቱን መያዝ ያቃተው ግልገል አፍ ውስጥ ደግሞ ምንም አይፍሰስ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ያሙቁት።

የክትባቱ ነገር ከዚህ ይከተላል። እርጉዟን ቢያስከትቡ ክትባቱ ለጽንሱ አይደርስም፤ እናቲቱ የምትሠራው አንቲቦዲ ግን እንገሯ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግልገሉ የሚያገኘው በጡት በኩል ነው። ስለዚህ ጊዜው ወሳኝ ነው። ኢንተሮቶክሲሚያ ለተባለው የአንጀት መመረዝና ለቴታነስ የሚሰጠው የሞተ ክትባት ከመውለጃዋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት ይሰጥ። ተከትባ የማታውቅ ከሆነች አንድ ጊዜ አይበቃትም፤ ከዚያ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድሞ ሌላ መጠን ያስፈልጋታል። ሕያው ክትባት ላይ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ ብሉታንግ ለተባለው የበግ የቫይረስ በሽታ የሚሰጥ ሕያው ክትባት በእርግዝናቸው አንደኛ አጋማሽ የተሰጣቸው በጎች አንጎላቸው የተበላሸ ግልገሎች ወልደዋል። ስለዚህ ማንኛውም ሕያው ክትባት ለእርጉዝ ይሰጥ እንደሆነ ከብልቃጡ ጋር ያለውን መመሪያ ሳያነቡ፣ ሐኪም ሳይጠይቁ አያስወጉ። ዴክሳሜታዞን የመሰሉ እብጠት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም በእርግዝና መጨረሻ ምጥ ያመጣሉና ለማንኛውም እብጠት ብሎ መውጋት ይቅር። ግልገሉን ራሱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስከተብም ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ከእንገር ያገኘው አንቲቦዲ ክትባቱን ይሽረዋል። ለአብዛኞቹ ክትባቶች ከ3 እስከ 4 ወር መጠበቅ ይሻላል።

የእኔ ምክር የማያወላዳ ነው፦ እርግዝናው 100 ቀን ካለፈ ጀምሮ እናቲቱን ከሌላው መንጋ ለይተው ይመግቧት። ጽንሱ ከክብደቱ አብዛኛውን የሚጨምረው፣ የአንጀቱ ረጅም ንጣፍ የሚወጣውና ጡቷ እንገር መያዝ የሚጀምረው በእነዚሁ የመጨረሻ ሳምንታት ነው፤ በበጋ ድርቆሽ ብቻ የከረመች በግ የሚበቃ እንገር አይኖራትም። ሞት የሚቀንሰው በዚህና በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት እንገር ነው። ለአዲስ ግልገል «የመከላከያ ማጠንከሪያ» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትና ሽሮፕ እንገርን አይተካም፤ ገንዘብዎን ለእናቲቱ መኖ ያውሉት።

ከበጎችዎ መካከል የሚያስወርዱ ወይም ደካማ ግልገል የሚወልዱ ካሉ፣ ከላይ ያልኩት የእንግዴ ልጅ ጉዳይ ለምርመራ ይጠቅምዎታል። ግልገሉ ከመጥባቱ በፊት የተወሰደ ደም ውስጥ ለአንድ በሽታ አንቲቦዲ ከተገኘ፣ ከእናቱ ሊሆን አይችልም፤ ማህፀን ውስጥ ሳለ በሽታው ደርሶበታል ማለት ነው። ከጠባ በኋላ የተወሰደ ደም ይህን አይነግርም። ደሙ በፍጥነት ይወሰድና ግልገሉ ወዲያው ይጥባ፤ ለምርመራ ተብሎ እንገር አይዘግይ። የወረደውን ጽንስና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይንኩ፤ እርጉዝ ሴት ጭራሽ አትቅረብ፤ ውርጃ የሚያመጡት ብሩሴላ፣ ቶክሶፕላዝማና ክላሚዲያ የተባሉ ጀርሞች ወደ ሰው ይተላለፋሉና። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ።